ፊቱን አትንካው

ዝናቡ ሦስት ቀኑ። የቫልዲቪያ ጣሪያ
ቆርቆሮ ነው ሁሉ፤ የጠብታ መንደርደሪያ፤
ጋራዤም እንዳቅሙ ባንድ ጥግ ያፈስሳል፣
ባልዲው እየቆጠረ ይሰበስባል።

ዶን ኤርሚኒዮ መጣ፤ አሮጌ ማዝዳውን
ከጎርፍ አውጥቶ አስገባ፣ አጠፋው ሞተሩን።
«ድምፁን አሳምርልኝ፤ ቤዝ ይኑረው፣ ይጥራ፤
ፊቱን ግን አትንካው፤ ይቆይ እንደ ጥንቱ፣ ከነጭረቱ፣ ከነአቧራ።»

እኔ ሻጭ ነኝ መቼም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊት ስለውጥ ኖሬ፣
አዲሱን አወጣሁ ከነካርቶኑ፣ ላስቲኩን ተርትሬ፤
ሰፊ መስታወት ነው፤ ካርታ ያነባል፣ ስልክ ያነሳል፣
ሲነኩት ይበራል፣ ሲያናግሩት ይመልሳል።
አላየውም እንኳ።
«ኖልዳ» አለኝ፣ «ሚስቴ፣ ዓይኗ ከከዳት ዓመት ሆኗታል ዘጠኝ።
ሦስተኛዋን ቁልፍ፣ ያቺን ጫፏ የጎደለ፣ በአውራ ጣቷ ታውቃታለች፤
መስታወት ለጣት ምን ይለዋል? ንገረኝ።»

አልነገርኩትም። ካቻቢቴ አነሳሁ።
የበሩን ልባስ ስገነጥል የፋብሪካውን ስፒከር አገኘሁ፦
ወረቀት ነው፤ እርጥበት የበላው፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣
እንደ ደረቀ ቅጠል በጣቴ መሃል የፈረሰ።
የበሩን ሆድ ጠርጌ ጥቁር የጎማ ንጣፍ ለጠፍኩ፣
ቆርቆሮው እንዳይንጫጫ፤ በቡጢ መትቼ አዳመጥኩ፤
ቀድሞ «ጣንጣን» ይል የነበር አሁን «ዱም» ብሎ ዝም አለ፣
እንደ ጠገበ ሰው፣ ሌላ ቃል አልቀጠለ።

ከቴፑ ጀርባ ሽቦውን ልጬ ትንሿን መቀየሪያ አሰርኩ፣
አምፕሊፋየሩን ከወንበሩ ሥር እንደ ድመት ደበቅኩ።
ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ፤ ይኼን የዘለለ መኪና ያቃጥላል፤
አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሽታው ዛሬም ይከተለኛል።

ስሞክረው ግን አንድ ነገር አናደደኝ፤
ድምፁን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ቤዙ እየሸሸ አስቸገረኝ።
ቆይቶ ገባኝ፦ ቴፑ ፈሪ ነው፤ ከፋብሪካው ሲወጣ
ያቺ የወረቀት ስፒከር እንዳትቀደድ አደራ ተቀብሎ ነው የመጣ፤
ጉልበት ሲጠየቅ ጎርናናውን ይውጣል፣
ለሌላው ድካም ሲል ራሱን ይቀንሳል።
ስፒከሯ ተጥላለች፣ እነሆ ቆሻሻው ውስጥ፤ እሱ ግን አልሰማም፣
ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቃትን ዛሬም ይጠብቃል፣ አይደክምም።
እንዴት ይነገረዋል? የዋጠውን የምትመልስ
አንዲት ሳጥን ጨመርኩ፤ ለካሁ፣ አስተካከልኩ፣ ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ።

ቅዳሜ ኖልዳ መጣች፤ ወንበሩን በመዳፏ ለካች፣
እጇን ዘረጋች፤ ሳትዳብስ አገኘቻት፣ ጎደሎዋን ተጫነች።
ከሐይቁ ማዶ ላሉ ሰዎች መልእክት የሚነበብበት ሰዓት ነበር፦
«ለእነ ኩሩሚያ፦ አክስታችሁ ሐሙስ ትደርሳለች፣ ሁለት ፈረስ ይዛችሁ ውረዱ።
ለሴጉንዶ፦ ሚስትህ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ናት፤ ላሞቹን ለጎረቤት ሰጥተህ ና በማለዱ።»
ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ምራቅ ሲዋጥ። የሚሳብ ትንፋሽ፣ ከቃሉ ፊት።
ዶን ኤርሚኒዮ ጠቀሰኝ፤ ያበራ ነበር እንደ ሕፃን ልጅ በበዓል ሌሊት።

ኖልዳ አንገቷን አዘነበለች።
«ቆሞ ነው የሚያነበው» አለች።
«ይኼን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ ይመስለኝ ነበር።
ስሙት፤ ክብደቱን ካንዱ እግር ወዳንዱ ሲያዛውር
ወለሉ ሲጥ ይላል።»

ከዚያ ቁልፉን አዞረች፤ ወደ ግራ፣ በቀስታ፣
ሰውየው ወደ ድሮ ጭጋጉ፣ ወደ ርቀቱ ገብቶ እስኪገታ።
«እንዲህ ተጠግተን እንደምንሰማው እሱ አያውቅም» አለች። «ነውር ነው።»

ባሏ ሙሉውን ከፈለኝ፤ ቅናሽ አልጠየቀም።
ማዝዳዋ በዝናቡ ወጣች፤ ከመስኮቷ ምንም አልተሰማም።
ድልድዩ ጋ ስትደርስ ግን፣ ቆርቆሮዬ ነዘረ፤ ባልዲው ውስጥ ውሃው ተርገበገበ፤
ነጎድጓድ ይሁን ኖልዳ፣
ወጥቼ አላየሁም።